አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚዘጋ ስልክ

ላብ የምንለው የኮምፒውተር መለማመጃ ክፍል ድሮ የማሠልጠኛው ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። ያለው አንድ መስኮት ብቻ ነው፤ እሱም ፊት ለፊቱ ግንብ ስለተጋረጠበት ፀሐይ አያየውም። የደብረ ብርሃንን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው፣ ጃኬት ለብሳ በላዩ ጋቢ የደረበች ሠልጣኝ ኮምፒውተር ፊት ተኮራምታ ቢያይ አይስቅም። ጣታችን እየደነዘዘ ፊደል እንስት ነበር።

የምንማረው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። በአዘቦት ቀን ኮምፒውተር ጥገና ቤት እሠራለሁ፤ አብዛኛው ሥራዬ ሻይ የፈሰሰበት ኪቦርድ ማጽዳትና ሰዎች የረሱትን የይለፍ ቃል መስበር ነው። ኔትወርክ ልማር ብዬ የተመዘገብኩት ከዚያ ለመላቀቅ ነበር። ታዲያ የመጀመሪያውን ወር እንደጨረስን መምህራችን ሁለት አሮጌ ራውተር አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና አይኤስዲኤን እንማራለን አሉን። በስልክ ሽቦ ላይ የሚሄድ የድሮ ዲጂታል መስመር ነው፤ አንዱ ቢሮ ሌላውን ቢሮ ሲፈልግ ራውተሩ ራሱ ቁጥር ደውሎ ይገናኛል፣ የሚያወራው ነገር ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል። ዛሬ በከተማችን ማንም አይጠቀምበትም። ራውተሮቹም ከአንድ መሥሪያ ቤት ፋይበር ሲገባ የተጣሉ ናቸው።

የሌለ ነገር መማር ያናድደኛል፣ ንዴቴን መደበቅም አልችልበትም። «መምህር፣ መስመሩ በሌለበት ምን ላይ እንሰካዋለን?» አልኳቸው። ዕድሜያቸውን በስልክ ሥራ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ ቶሎ አይቆጡም።

«እርስ በርሳቸው እንሰካቸዋለን» አሉኝ። «ቴሌ በመሃል ከሌለ፣ አንደኛዋን ቴሌ እናደርጋታለን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በደህናው ጊዜ በሁለቱ ራውተሮች መሃል የስልክ ማዞሪያ ይቀመጣል፤ የአንዱን ጥሪ ተቀብሎ ሌላው ጋ የሚያስጮኸው እሱ ነው። እኛ ማዞሪያ የለንም። ስለዚህ የአንዷ አፍ ከሌላዋ ጆሮ ጋር እንዲገጥም ገመዱን ውስጡን አቆላልፈን በቀጥታ አያያዝናቸውና አንደኛዋን «አንቺ ማዞሪያ ነሽ ብለሽ አስቢ» የሚል ትእዛዝ ሰጠናት። መጀመሪያ ይህን ትእዛዝ ረስተነው ነበርና ሁለቱም ቴሌ እስኪያናግራቸው ሲጠብቁ ረፋዱን ጨረስነው። መብራታቸው ይበራል፤ ቃል ግን የለም። ትእዛዙ ሲገባ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አለች፣ እኔም ከንዴቴ ወጥቼ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

ይህ ሁሉ የሆነው ባለቤቴ ወደ አልዩ አምባ መመላለስ ከጀመረ በሦስተኛው ክረምት ነው።

እኔ ፈሪ ነኝ። ቆርቆሮ ንፋስ ሲያንኳኳው እነሣለሁ፣ በር ሲመታ ልቤ ቀድሞ ይከፍታል። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ዳቦ ሲቆረስም ትደነግጫለሽ» ይለኛል። እሱ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከደብረ ብርሃን ቆርቆሮና ሲሚንቶ ጭኖ በአንኮበር በኩል ወደ ቆላው፣ ወደ አልዩ አምባ ይወርዳል፣ ከታች ሽንኩርትና ማሽላ ይዞ ይወጣል። ቁልቁለቱ እስከሚጀምርባት እስከ ጎረቤላ ያለው መንገድ አያስፈራኝም። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ግን፣ አንድ ቀን ከጎኑ ተቀምጬ ወርጄው፣ ስንመለስ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት። በግራ ገደል፣ በቀኝ ገደል የሚመስል ተራራ፤ ጉሙ ደግሞ ከላይ አይወርድም፣ ከሥር ነው የሚነሣ። አንኮበርን ለማየት የሚመጣ ሰው ያንን ጉም ፎቶ አንሥቶ፣ አድንቆ ይመለሳል። እኔ ጠላቴ ነው።

ለዚህ መንገድ የራሳችን ደንብ ነበረን። ጎረቤላ ሲደርስ ይቆማል፣ ፍሬኑን ያያል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይደውልና አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ ይዘጋል። «ልወርድ ነው» ማለት ነው። አልዩ አምባ ሲደርስ ደግሞ እንደገና አንድ ጊዜ። «ወርጃለሁ» ማለት ነው። እኔ አላነሣም። ሚስኮሉን የጀመርነው ሳንጋባ፣ ካርድ ለመቆጠብ ነበር፤ በኋላ ሒሳብ እያለውም እንደዚያው ቀረ፣ ተለመደ። ሰው እንዴት ሳትነጋገሩ ይለኝ ነበር። እኔ ግን ከብዙ ወሬ ያችን አንዲት ጩኸት እመርጣለሁ። ሁለተኛዋ ስትመጣ ትከሻዬ ሲወርድ ይታወቀኛል፤ ያን ጊዜ ነው ምሳ የሚበላልኝ።

በሁለቱ ጩኸቶች መሃል መደወል ክልክል ነው። ይህንን ያስማለኝ እሱ ነው። «ቁልቁለቱ ላይ ስልክ ከጮኸ እጄ ሳላዘው ይሄዳል» አለኝ። «ሌላ ሰው ከደወለ አልሰማውም፤ ያንቺ ድምፅ ሲሆን ግን እጄ ይሄዳል። አደራ።» ለእኔ ለብቻዬ የተለየ የጥሪ ድምፅ አድርጎልኛል። አንድ ሰሞን ስልኩን ዘግቶ ይወርድ ነበር፤ ከዚያ መክፈቱን ረሳና አልቅሼ ጎረቤት ሰበሰብኩ። ስለዚህ እሱ አይዘጋም፣ እኔም አልደውልም፤ በዚህ ተስማማን።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ከተማው ራሱ ጉም ውስጥ ነበር። እዚህ እንዲህ ከሆነ እዚያ ምን ይሆን እያልኩ ወደ ላብ ስገባ፣ ኪሴ ውስጥ ስልኬ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ዝም አለ። ሊወርድ ነው። ረዳቱ ታሞበት ብቻውን ነበር።

በላቡ ደንብ ስልክ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የእኔን ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው እንዲያስቀምጡልኝ እለምናለሁ፣ እሳቸውም ምክንያቱን ያውቃሉ። «ወረደ?» ይሉኛል አንዳንዴ በትምህርት መሃል፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።

የዕለቱ ሥራ መልሶ መደወል የሚባለው ነበር። አንዷ ራውተር ትደውላለች። ሁለተኛዋ አታነሣም፤ የደዋይዋን ቁጥር ብቻ ታያለች፣ ቁጥሩን ካወቀችው ጥሪውን ትዘጋና ራሷ መልሳ ትደውላለች። መምህሩ ገና ሳይጨርሱ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «መምህር፣ ይሄማ ሚስኮል ነው» አለች አጠገቤ የምትሠራው ሠልጣኝ፤ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። እውነቷን ነው። ፈረንጆቹ ብዙ ገጽ የጻፉበትን ነገር እኛ ሳይነግሩን እናውቀዋለን። መምህሩም ሳቁና «እንግዲያው ቶሎ ትጨርሱታላችሁ» አሉ።

አልጨረስነውም። እሷ በአንዷ፣ እኔ በሌላዋ ላይ ተቀምጠን ትእዛዙን አስገባን። ሁላችንም ሚስኮል የምናውቅ ብልጦች ነንና ማንሣት የሚባለው ነገር ለማናችንም አልታየንም፤ «አታንሺ፣ መልሰሽ ደውዪ» የሚለውን ትእዛዝ በሁለቱም ላይ ጻፍነው። የእሷ ደወለች። የእኔ ቁጥሩን አወቀች፣ ዘጋች፣ መልሳ ደወለች። የእሷም ቁጥሩን አወቀች፣ ዘጋች፣ መልሳ ደወለች። ስክሪኑ ላይ መስመሩ እየተከታተለ ይወርድ ጀመር፤ ጥሪ መጣ፣ ቁጥሩ ታወቀ፣ አልተነሣም፤ ጥሪ መጣ፣ ቁጥሩ ታወቀ፣ አልተነሣም። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ግን ሁለተኛዋ ጩኸት አልመጣችም። በጉም ቀን ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ያንን አውቃለሁ። ቀስ ብሎ ለሚወርድበትም ጊዜ የሚበቃ ታገሥኩ። ከዚያ ለጭቃው ጨመርኩለት። ከዚያ ከፊቱ መኪና ቢኖር ብዬ ጨመርኩለት። የምጨምርለት ሲያልቅብኝ ዓይኔ ስክሪኑን ትቶ የመምህሩን ጠረጴዛ ያይ ጀመር። ስህተታችን የት እንደሆነ እንድንፈልግ ነግረውን ነበር፤ እኔ ግን የምጽፈውን ፊደል አላየውም።

ስልኬ ጮኸ።

«ወረደ» አሉ መምህሩ ፈገግ ብለው። እኔም ትንፋሼን ለቀቅኩ። ግን አልተዘጋም። ሁለተኛ ጮኸ። ሦስተኛ ጮኸ። ቁጥሩ የእሱ ነው፤ ከተቀመጥኩበት ስሙ ይታየኛል። ተነሥቼ አጠገቡ ደረስኩና ቆምኩ። በደንባችን ውስጥ ረጅም ጥሪ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ መንገድ ላይ ሆኖ አናግሮኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ከሆነ ደህና ነው፤ አንድ ጊዜ ካልሆነ ምን ይባላል? ያንን አልተነጋገርንበትም፤ እኔ አልፈለግሁም፣ አፌ ሟርት እንዳይሆን።

«አንሺው እንጂ» አሉኝ መምህሩ።

እጄ እምቢ አለኝ። ካነሣሁት የሆነው ነገር ሆነ ማለት ነው፣ ካላነሣሁት ገና አልሆነም፤ እንዲህ ነበር የማስበው፣ አሁን ሳወራው የዕብድ ነገር ይመስላል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ዳር ደረሰ። መምህሩ እንዳይወድቅ በመዳፋቸው ያዙት። በመዳፋቸው ውስጥ እንዳለ ዝም አለ።

ያ ዝምታ ከጩኸቱ ባሰ። ስልኩን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ግድግዳውን ተደገፍኩ። አሁን ምን ላድርግ? ልደውል? ቁልቁለቱ ላይ ከሆነ የእኔ ድምፅ ይጮኻል፣ እጁ ሳያዘው ከመሪው ይነሣል፤ ጉም፣ ጭቃ፣ ገደል። በገዛ እጄ ልገድለው ነው። ልተወው? ምናልባት የደወለው የሚረዳው ሰው ፈልጎ ነው፤ እኔ ሚስቱ አላነሣሁም፤ አሁንም እዚህ ቆሜያለሁ። የትኛውንም ባደርግ እሱን የማጣው እኔ በማደርገው ነው። በልጅነቴ የማውቀውን ጸሎት ልጀምር ብዬ መሃሉ ጠፋኝ። ከበሩ ውስጥ ጸሐፊዋ «አሁንም እየተደዋወሉ ነው መምህር» ስትል ይሰማኛል።

ደወልኩ። እንዴት እንደደወልኩ አላስታውስም፤ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ሆኖ ሲጠራ ነው ራሴን ያገኘሁት። አንድ ጊዜ ሲጠራ እጁ ከመሪው ሲነሣ ታየኝ። ሁለተኛ ሲጠራ ጎማው ሲንሸራተት ታየኝ። ልዘጋው ስል ተነሣ።

የእሱ ድምፅ አይደለም።

«ማን ልበል?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም።

«እህቴ፣ አብሽሪ» አለ አንድ የማላውቀው ሰው፤ ሲያለከልክ ይሰማል። «አብሽሪ፣ ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ፣ መኪናው ወደ ተራራው ነው የገባ፤ ወደ ገደሉ ቢሆን ሌላ ነበር። እኔ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነኝ፤ አህዮቼን እየነዳሁ ወደ ላይ ስወጣ ነው ያገኘሁት። የመኪናው የኋላ እግር ቦይ ውስጥ ገብቶ፣ እሱም እጁን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ። እጁ ትንሽ አብጧል። ሌላ ምንም የለበት፣ ወላሂ።»

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሲሚንቶው እንደ በረዶ ነበር።

«ቅድም እርስዎ ነዎት የደወሉት?»

«አዎ እኔ ነኝ። እሱ ባበጠው እጁ ስልኩን መያዝ አቃተውና አንተ ደውልልኝ አለኝ። ይሄ የቤቴ ቁጥር ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ አስጩኸህ ዝጋው አለኝ። ምን ልበላት ብለው፣ ምንም አትበላት፣ አንድ ጊዜ ከጮኸ ይበቃታል አለኝ። እኔ ደሞ ሰው ደውሎ ሳያወራ እንዴት ይዘጋል ብዬ ያዝኩት። አጠፋሁ እንዴ እህቴ?»

«የት ናችሁ?» አልኩት።

«ገና መሃሉ ላይ ነን። ገደላገደሉ አለ ገና ከፊቱ።»

ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ነጋዴው እንደተባለው አንድ ጊዜ አስጩሆ ቢዘጋው ኖሮ፣ እኔ ትከሻዬን አውርጄ ወደ ራውተሬ እመለስ ነበር። ወረደ ብዬ። ከጸሐፊዋ ጋር እየተሳሳቅሁ ምሳዬን እበላ ነበር። እሱ ደግሞ እጁ አብጦ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጉሙ ሳይለቅ፣ ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ።

«ስጡኝ እሱን» አልኩ።

ትንሽ ቆየ። ከዚያ ትንፋሹን ሰማሁ፤ በትንፋሹ አውቀዋለሁ።

«ምነው ደወልሽ?» አለኝ። ሊቀልድ ነው የፈለገው። «አደራ አላልኩሽም?»

«ወርደሃል?» አልኩት።

ንፋሱ ስልኩ ውስጥ ይገባል።

«ልወርድ ነው እኮ» አለ በመጨረሻ። «እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። አንቺን አላውቅሽም እንዴ? ሰዎች መጥተው ከቦዩ ያወጡኛል፣ እወርዳለሁ፤ ምን ልዩነት አለው? ያው እወርዳለሁ።»

«ከዚህ በፊትስ?»

«ከዚህ በፊት ምን?»

«ሳትወርድ ወርጃለሁ ያልከኝ ጊዜ አለ?»

ነጋዴው ከኋላ አህዮቹን ሲቆጣ ሰማሁ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ፤ እዚያ አካባቢ ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እሱ ይዝጋው ኔትወርኩ ይዝጋው አላውቅም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ መምህሩ ፊቴን አይተው ወንበር ሳቡልኝ። ደህና ነው አልኳቸው። ራውተሮቹ ተገናኝተው ነበር፤ ከእኔዋ ላይ ያችን ትእዛዝ ሰርዘው፣ ሲደወልላት እንድታነሣ አድርገዋታል። ጸሐፊዋ «አየሽ፣ አንዷ ማንሣት ነበረባት» አለችኝ። እኔ ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ራውተሯ የምታየው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ የምታውቀው ከሆነ ደዋዩ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ አትጠይቅም፣ ታምናለች። እኔም ስንት ዓመት ያመንኩት ቁጥር ነው። ምሳ የበላሁባቸው ቅዳሜዎች ሁሉ ከኋላ መጥተው አስፈሩኝ፤ ያለፈ ነገር እንዴት ያስፈራል? ያስፈራል።

ማታ በሌላ መኪና ተጭኖ መጣ። እጁ በነጠላ ታስሯል። ስለ ጥያቄዬ አላነሣም፣ እኔም ሁለተኛ አልጠየቅሁትም፤ መልሱን መስማት ፈራሁ። «ከእንግዲህ ስትደውል አነሣለሁ» ብቻ አልኩት።

እጁ ሲሻለው ተመልሶ መንዳት ጀመረ። ሌላ ሥራ ፈልግ አልኩት፤ ሳቀብኝ። አሁን ጎረቤላ ደርሶ ሲደውል ገና በመጀመሪያው አነሣለሁ። «አንሥተሽ ምን ልትዪ ነው?» ይለኛል። የምለው የለኝም፤ የማነሣው ለመስማት ነው። ላይ ጎረቤላ ሁልጊዜ ንፋስ አለ፣ ቁልቁለቱም ላይ አለ። አልዩ አምባ ግን ንፋስ የለም፤ ሙቀት ነው፣ የገበያ ጫጫታ ነው፣ አንዳንዴም አዛን ይሰማል። እሱ ደህና ነኝ ሲለኝ ቃሉን ትቼ ከድምፁ ጀርባ ያለውን እሰማለሁ። እሱ ይህንን አያውቅም።

ባለፈው ቅዳሜም ጉም ነበር። ከላብ አስፈቅጄ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ደወለ፣ አነሣሁ።

«ወርጃለሁ» አለኝ።

ከጀርባው ንፋስ ነበር።

«ቆመሃል?» አልኩት። ቆሜያለሁ አለ። «እንግዲያው ስልኩን አትዝጋው። ድምፁን ክፈተውና ወንበሩ ላይ አስቀምጠው። ክፍት ስልክ አይጮኽም፤ እጅህ የትም አይሄድም። እኔ ምንም አላወራም።»

ስልኩ አንድ ነገር ላይ ሲቀመጥ፣ ሞተሩ ሲነሣ፣ ፍሬኑ ሲለቀቅ ሰማሁ። አፌን በጋቢዬ ሸፍኜ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ንፋሱ እስኪጠፋ ድረስ አብሬው ወረድኩ።